ከመርሳ እስከ ጋሸና፦ ቱርቦ ላለው መኪና ነዳጁ እንዴት ይመጠናል?

ከመርሳ በማለዳ ማንጎና ብርቱካን ጭኖ የሚነሳ አይሱዙ እስከ ወልድያ ብዙም አይቸገርም። መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1600 ሜትር ላይ ናት፣ ወልድያ ደግሞ ወደ 2000 ሜትር። ጣጣው የሚጀምረው ከወልድያ በኋላ ነው። መኪናው ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ከሆነ የድልብን ዳገት ተጠማዝዞ መውጣት አለበት፤ ጋሸና ሲደርስ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዳገቱ ላይ ቆማችሁ የምታልፉትንና የሚያልፉትን መኪኖች አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። አንዱ ጥቁር ጭሱን እያንቦለቦለ ይንፏቀቃል፤ ሌላው ያንኑ ያህል ጭኖ፣ ጭስ ሳያሳይ፣ ጥሎት ይሄዳል።

«ቱርቦ ስላለው ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ግማሹን መልሳችኋል። ቱርቦ ለሞተሩ የሚሰጠው አየር ብቻ ነው። የመጣውን አየር የሚመጥን ነዳጅ፣ በሰዓቱ፣ በልኩ የሚያደርስ ሌላ ሥርዓት ከሌለ ቱርቦው ወይ ከንቱ ጌጥ ይሆናል፣ ወይ ሞተሩን ይበላዋል።

እስቲ አንድ ጉዳይ ይዘን እንነሳ። አጎታችሁ ቱርቦ የሌለው፣ 4.6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው የቆየ አይሱዙ አላቸው እንበል። መኪናው የቤተሰቡ ሀብት በሙሉ ነው፤ የልጆች ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ዕዳ ሁሉ በእሱ ላይ ነው። ከተገጨ መኪና የወረደ ቱርቦ በቅናሽ አገኙና «ላስገጥመው ወይስ ይቅርብኝ? ካስገጠምኩስ ፖምፓው እንዴት ይሁን?» ብለው ጠየቋችሁ። ምን ትሏቸዋላችሁ?

ቀጭን አየር

መጀመሪያ ተራራው ምን እንደሚያደርግ እንይ። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። መርሳ ላይ ወደ 83 ተኩል ይወርዳል፣ ወልድያ ላይ ወደ 79 ተኩል፣ ጋሸና ከፍታ ላይ ደግሞ 70 ገደማ። ጋሸና ላይ ሞተሩ አንድ ሊትር አየር ሳበ ስንል፣ ሊትሩ ያው ሊትር ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚገኘው 30 በመቶ ያህል ያንሳል።

ይህን ችግር በቱርቦ መፍታት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ተራራ ላይ ተፈትኗል። ቱርቦን የፈለሰፈው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡቺ የመጀመሪያ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በ1918 ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪኩ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር መኪና ላይ ጭኖ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4300 ሜትር ላይ፣ አወጣው። ባሕር ጠለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ገደማ ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ደረሰ። ዛሬ ቱርቦ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፍጥነትን ነው፤ ስሙን ያስጠራው ግን ከፍታን በማሸነፍ ነው። ስለዚህ ለወሎ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

አንዲት ጠብታ

አሁን ወደ አጎታችሁ መኪና። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር፣ ባለ አራት ምት ስለሆነ፣ አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው። 4.6 ሊትር ሲባዛ በ1000፣ በደቂቃ 4600 ሊትር ማለት ነው። ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ 90 በመቶውን እንውሰድ። የአየሩን ሙቀት ሁሉም ቦታ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብናደርገው፣ ሞተሩ በደቂቃ የሚያገኘው አየር ጅቡቲ ላይ ወደ 5 ኪሎ ግራም፣ ወልድያ ላይ 3.9፣ ጋሸና ላይ 3.45 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል።

ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለአንድ ግራም ናፍጣ 14 ተኩል ግራም አየር ይበቃል ይላል ኬሚስትሪው። ሲሊንደር ውስጥ ግን ናፍጣውና አየሩ ለመቀላቀል ያላቸው ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ስለዚህ ትርፍ አየር ያስፈልጋል፤ ጭስ እንዳይወጣ ለአንድ ግራም ናፍጣ 20 ግራም አየር ብንመድብ ጥሩ ልክ ነው።

ሞተሩ አራት ሲሊንደር አለው፤ እያንዳንዱ በደቂቃ 1000 ጊዜ ናፍጣ ይረጭበታል። አካፍሉት። አንድ ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ ጅቡቲ ላይ 74 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ ወልድያ ላይ 58፣ ጋሸና ላይ 51 መሆን አለበት። ለማነጻጸር ያህል፣ ከቧንቧ የምትወድቅ አንዲት የውሃ ጠብታ 50 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት። እንግዲህ የምናወራው ስለ አንዲት ጠብታ ነው። ጠብታዋ በሲሶ ብትበዛ ወይም ብታንስ ነው መኪናው የሚጨሰው ወይም የሚደክመው።

ችግሩ የት እንዳለ አያችሁት? የቆየው ሜካኒካል ፖምፓ ተራራ መውጣቱን አያውቅም። ባሕር ጠለል ላይ 74 እንዲረጭ ከታሰረ፣ ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ጋሸናም ላይ 74 ይረጫል። አየሩ የሚችለው 51 ነው። ለአንድ ግራም ናፍጣ የሚደርሰው አየር 14 ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ከኬሚስትሪው ዝቅተኛ ልክ በታች! የቀረው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዳገቱ ላይ የምታዩት ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ካርቦን ነው፣ ማለትም በብር የተገዛ ናፍጣ ሳይሠራ እየሄደ ነው። (አንዳንድ ፖምፓዎች ከፍታን የሚያካክስ ክፍል አላቸው፤ ቱርቦ በሌላቸው አንዳንድ የላንድ ክሩዘር ሞተሮች ላይ ይገኛል። እሱም ቢሆን የሚያደርገው ናፍጣውን መቀነስ ነው። ጭሱ ይጠፋል፣ ጉልበቱ ግን አይመለስም።)

ፖምፓውን ሳይነኩ

ጋራዥ ሄዳችሁ ቱርቦ ግጠሙልን ስትሉ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣ ሐሳብ አለ፦ «ፖምፓውን ትንሽ እንክፈተው፣ ያኔ ነው የሚነሳው።» የፖምፓው ትልቁ ናፍጣ ልክ በአንዲት ብሎን ይታሰራል፤ ብሎኗን ማዞር የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ የማሰላው ብሎኗን ባንነካትስ የሚለውን ነው።

ቱርቦው ግማሽ ባር ብቻ ተጨማሪ ግፊት ይስጥ እንበል። ጋሸና ላይ 70 ኪሎ ፓስካል የነበረው አየር 120 ይሆናል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሁሉ የፓምፑን ጫፍ ነክቶ ያውቀዋል። እዚህ ላይ አየሩ ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል፣ መሞቁም መልሶ ያሳሳዋል። ይህ ሁሉ ታስቦ እንኳ አንድ ሊትሩ 1.15 ግራም ይመዝናል። ባሕር ጠለል ላይ ያለው 1.2 ነበር። ስለዚህ ጋሸና ላይ ያለው ሞተር ጅቡቲ ያለ ያህል ይተነፍሳል፤ 71 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ናፍጣ ማቃጠል ይችላል። ፖምፓው ደግሞ ድሮውንም 74 ይሰጥ ነበር!

ይሄ ነገር ደጋግሜ ባሰላውም ደስ ይለኛል። አዲስ ፖምፓ የለም፣ ብሎን ማዞር የለም፣ ኢንተርኩለር የለም። ጭስ ሆኖ ይባክን የነበረው ናፍጣ ነው ወደ ጉልበት የተለወጠው። መኪናው ፋብሪካው ከሰጠው በላይ አልተጠየቀም፤ ተራራው የወሰደበት ብቻ ተመለሰለት። የጭስ ማውጫው ሙቀትም ይወርዳል፤ በናፍጣ ሞተር ትርፍ አየር ያበርዳል እንጂ አያሞቅም።

አያስፈልግም የማይባሉ ነገሮች ግን አሉ። ቱርቦው ከመቶ ሺህ ዙር በላይ በደቂቃ ስለሚሽከረከር ንጹሕ የሞተር ዘይት በቱቦ መድረስ አለበት፣ ዘይቱም ሳይታፈን መመለስ አለበት። ግፊቱ ከተፈለገው በላይ እንዳይሄድ ትርፉን ጢስ የሚያሳልፍ በር፣ ዌስትጌት የሚሉት፣ መሥራት አለበት። መኪናው ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ያው ግማሽ ባር ወፍራም አየር ላይ ይጨመራልና ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጫና ይበልጣል፤ ቱርቦ ታስቦለት ያልተሠራ ሞተር ከዚህ በላይ ባይጫንበት ይሻላል። ጓርኒሲዮኑ ያረጀ፣ ፋሻው የደከመ ሞተር ከሆነ ደግሞ በቃ፣ ቱርቦውን ትታችሁ መጀመሪያ ሞተሩን አሠሩ።

ጉልበት ሲፈለግ

አጎታችሁ «የለም፣ እኔ የምፈልገው እንደ ሲኖትራክ እንዲጎትት ነው» ካሉ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ቱርቦው አንድ ባር ይስጥ። ወልድያ ላይ የገባው አየር ግፊት ከ79 ተኩል ወደ 179 ተኩል ይወጣል፣ ሙቀቱም 130 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አየሩ በ1.64 እጥፍ ይጨምራል፤ ናፍጣውም ከ58 ወደ 95 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ሊያድግ ይችላል። የታመቀውን አየር በኢንተርኩለር ወደ 60 ዲግሪ ብናቀዘቅዘው ግን አየሩ እጥፍ ይሆናል፣ ናፍጣው 116። አንድ ራዲያተር የሚመስል ሣጥን ከፊት መግጠም ብቻውን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

116 ለማድረስ አሮጌው ፖምፓ አይችልም፤ ውስጡ ያሉት ትናንሽ ገፊ ዘንጎች ለዚያ አልተሠሩም። ቢችል እንኳ ብሎኗን በማዞር የሚመጣው ጣጣ ይኸው፦ ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ ማርሽ ቀይሮ ነዳጅ ሲረግጥ ቱርቦው ወዲያው አይነሳም። የሚሽከረከረው በጭስ ማውጫው ጢስ ነውና ጢሱ እስኪበረታ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይወስዳል። በእነዚያ ሰከንዶች አየሩ ለ58 ብቻ ነው የሚበቃው፣ ፖምፓው ግን 116 ይረጫል። ከኋላ ያለው ባጃጅ በጥቁር ደመና ይዋጣል።

ለዚህ መሐንዲሶች ያገኙት መላ በጣም ቀላል ነው፣ ኤሌክትሮኒክስም የለበትም። ቱርቦ ላላቸው ሞተሮች የተሠራ ፖምፓ ላይ ክብ፣ የሣጥን ክዳን የመሰለ ክፍል ታያላችሁ፤ ከሞተሩ የአየር መግቢያ ቀጭን ቱቦ ይመጣበታል። ውስጡ የጎማ ሽፋንና ሞላ አለ። ቱርቦው ግፊት ሲሰጥ ሽፋኑን ይጫነዋል፣ ሽፋኑ ሞላውን አሸንፎ አንድ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ፖምፓው ተጨማሪ ናፍጣ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ግፊት ከሌለ ፈቃድ የለም። ቡስት ኮምፔንሴተር ይሉታል። በአገራችን መንገድ ላይ የሚበዙት ባለ 9.7 ሊትር ሞተር ሲኖትራኮች፣ ሜካኒካል ፖምፓ ያላቸው፣ በዚህ መላ ነው የሚሠሩት።

ይህን ክፍል ማወቅ ዳገት ላይ ለቆመ ሰው ይጠቅማል። መኪናው ደክሞ ጭስ ከሌለው ናፍጣ ነው ያነሰው፦ የኮምፔንሴተሩ ጎማ ተቀዶ፣ ቀጭኗ ቱቦ ተሰንጥቃ ወይም የናፍጣ ፊልትሮው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ደክሞ ጥቁር ከጨሰ አየር ነው ያነሰው፦ ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደው ወፍራም ጎማ ተሾልኮ፣ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ፣ ወይም ቱርቦው ራሱ ሞቶ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ፖምፓ መፍታት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ልጨምር። ናፍጣን ከታንክ ወደ ፖምፓ የምታመጣው መጋቢ ፓምፕ «ትስባለች» እንላለን እንጂ በእውነቱ የሚገፋው ታንኩ ላይ ያለው የአየር ግፊት ነው። ጋሸና ላይ ያ ግፊት 70 ብቻ ነው። ፊልትሮው ግማሽ ተደፍኖ መርሳ ላይ ምንም ያልመሰለ መኪና ዳገቱ ጫፍ ላይ የሚሞተው አንዳንዴ በዚህ ነው። የታንኩ ክዳን ጠፍቶ በፌስታልና በገመድ የታሰረ ከሆነማ ይብሳል፤ ታንኩ ውስጥ አየር ካልገባ ናፍጣው አይወጣም።

ኮመን ሬል፦ ጎበዝ ግን ስስ

ሦስተኛው ምርጫ አሮጌውን ሸጦ አዲሱን ዓይነት መግዛት ነው። በኮመን ሬል ሞተር አንድ ፓምፕ ናፍጣውን አምቆ ለሁሉም ሲሊንደሮች የጋራ በሆነ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ያከማቻል፤ መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። በጃፓን የጭነት መኪና ላይ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በቤት መኪና ላይ ደግሞ በ1997 ገበያ ላይ ዋለ። ከ2000ዎቹ ወዲህ የመጡ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሃይሉክሶችና ሃይ ኤሶች ብዙዎቹ ይህን ነው የሚጠቀሙት።

የአየሩን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስላለው ድልብን ሲወጣ ያውቃል። ጠብታዋን በየቅጽበቱ ይመጥናል፣ አንዷን ጠብታ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፋፍሎም ይረጫል። ቱርቦው ቀጭን አየር ውስጥ ከልኩ በላይ እንዳይሽከረከር ግፊቱን ይቀንሳል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፦ ሞተሩ ውስጥ 200 ኪሎ ፓስካል ለማድረስ ቱርቦው ጅቡቲ ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል፣ ጋሸና ላይ ግን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይገባዋል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አይገዛውም? ከዋጋው ሌላ፣ ናፍጣው ነዋ። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት 1600 ባር ሊደርስ ይችላል፤ በአንድ ጥፍራችሁ ስፋት ላይ አንድ ተኩል ኩንታል ሳይሆን ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሸክም እንደማለት ነው። ይህን ግፊት ሳያሾልኩ ለመያዝ የኖዝሉ ክፍሎች የሚጋጠሙት በሁለትና በሦስት ሺኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ከዚያ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ውስጥ ዐይን የማያየው አሸዋ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ነዳጅ ከማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን እንደሚቀዳ ሁላችንም እናውቃለን። ጀሪካኑ ትናንት ምን ነበረበት? ውሃ? ዘይት? ናፍጣው ላይ ነጭ ጋዝ ተጨምሮበታል? የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ነጭ ጋዝ ቀጭን ስለሆነ ብረት ከብረት እንዲፋተግ ያደርጋል። ውሃ ደግሞ ያዝጋል፣ በዚያ ግፊትና ሙቀት ኖዝሉን ይሸረሽራል። የድሮው ፖምፓ ይህን ሁሉ ጥቂት ጊዜ ይታገሣል፤ ኖዝሉ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ነው፣ ሲበላሽም ብዙ ከተማ ውስጥ የሚያስተካክለው ሰው ይገኛል። ኮመን ሬል ግን አንድ ጊዜ በቆሸሸ ናፍጣ ሊታመም ይችላል፣ ሕክምናውም ኮምፒውተር፣ ልዩ መሞከሪያና ውድ መለዋወጫ ይጠይቃል።

መውሰድ የምትችሉት ጥንቃቄ አለ። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ከዋናው በፊት መጨመር፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ። በበርሜል የተገዛ ናፍጣ ከሆነ ሳይነቃነቅ አድሮ ከላይ መቅዳት፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ቆሻሻውን ይዞ ሥር ይሰበሰባል። የመጨረሻዋን አንድ ጣት ናፍጣ ለማትረፍ ብላችሁ በርሜሉን አታጋድሉ።

በቤንዚን ነገሩ ይገለበጣል

ቤንዚን በሚነዳ የቤት መኪና ላይ ቱርቦ ለማስገጠም የሚያልሙ ወጣቶች አሉ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ያሉትን መኪኖች ማሻሻል የሚለው ሐሳብ የሚበረታ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ከናፍጣ የተማራችሁትን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሞተር ታቃጥላላችሁ።

በናፍጣ ሞተር የሚያቀልጠው ትርፍ ነዳጅ ነው። በቤንዚን ሞተር የሚያቀልጠው ያነሰ ነዳጅ ነው። ቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁና አየሩ አስቀድመው ተቀላቅለው ይታመቃሉ፣ ከዚያ ካንዴላው ያቀጣጥላቸዋል። ቱርቦ ሲጨመር ድብልቁ አብዝቶ ይሞቅና ከካንዴላው እሳት ቀድሞ በራሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ኳ ኳ ይላል። ይህን ለመከላከል ነዳጁ ይወፍራል፤ ለአንድ ግራም ቤንዚን በተለመደው ጊዜ 14.7 ግራም አየር ከሆነ፣ ቱርቦው ሲጫን ወደ 12 ይወርዳል። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ከፍታ ደግሞ ቱርቦ ለሌለው ቤንዚን ሞተር አንድ ጥቅም ነበረው፤ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ኳኳታው ይቀንሳል። ቱርቦ ስትገጥሙ ያንን ጥቅም ትሰርዙታላችሁ።

አሁን አንድ ስውር ወጥመድ። የቤንዚን ኢንጀክተር ከኋላው በ3 ባር ይገፋል፤ ከፊቱ ደግሞ የሞተሩ አየር መግቢያ አለ። ቱርቦው እዚያ አየር መግቢያ ውስጥ 1 ባር ሲጨምር፣ ያ ግፊት ኢንጀክተሩን በአፉ ይቃወመዋል። የቀረው ልዩነት 2 ባር ነው። ፍሰት የሚሄደው በግፊቱ ልዩነት ስኩዌር ሩት ስለሆነ ነዳጁ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ነዳጁ በእጥፍ ሊጨምር በሚገባው ሰዓት! ስለዚህ ከአየር መግቢያው በቱቦ የተያያዘ የግፊት መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ ቱርቦው 1 ባር ሲጨምር እሱም ነዳጁን ወደ 4 ባር ያሳድገዋል። ታንክ ውስጥ ያለው ፓምፕ ደግሞ በ4 ባር ላይ የሚፈለገውን መጠን ማድረስ መቻሉ መፈተሽ አለበት፤ ፓምፕ ግፊት ሲበዛበት የሚያመጣው መጠን ይቀንሳል።

የኢንጀክተሩን መጠን በግርድፉ ማስላት ትችላላችሁ። ቱርቦ ያለው ቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። 150 የፈረስ ጉልበት ከፈለጋችሁ በሰዓት 41 ኪሎ፣ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ኢንጀክተር 10 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በደቂቃ 228 ሚሊ ሊትር። ኢንጀክተር ሁልጊዜ ተከፍቶ ሊቆይ አይገባም፤ ከጊዜው 80 በመቶውን ብቻ ይሥራ ካልን 285 ሚሊ ሊትር የሚችል እንመርጣለን። ኮምፒውተሩም ለአዲሱ ኢንጀክተር እንደገና ካልተስተካከለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ለአጎታችሁ እንግዲህ

እኔ ብጠየቅ የምመልሰው ይህን ነው። የመርሳ–ወልድያ–ጋሸና መንገድን ለሚመላለስ፣ ናፍጣውን አንዳንዴ በጀሪካን ለሚቀዳ የቆየ አይሱዙ፣ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ትንሽ ቱርቦ በግማሽ ባር፣ ፖምፓው ሳይነካ። ከዚያ በላይ ጉልበት ካስፈለጋቸው ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የመጣ ሞተር ከነሙሉ ፖምፓውና ኢንተርኩለሩ ይግዙ፤ ከዚህም ከዚያም የተገጣጠመ ይቅርባቸው። ኮመን ሬሉን የምመክረው ከታመነ ማደያ ብቻ ለሚቀዳና ለመለዋወጫ ገንዘብ ላስቀመጠ ሰው ነው።

ቱርቦው ከተገጠመ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፦ ከቱርቦው በፊት የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር፣ ሰዓቱ ደግሞ ሹፌሩ ፊት። ፒስተን የሚሠራበት አሉሚኒየም ንጹሕ ከሆነ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ፒስተኑ ሙቀቱን በፋሻና በዘይት እያራገፈ ስለሚቆይ ጢሱ ለአፍታ ከዚያ ቢያልፍ ወዲያው አይቀልጥም፤ ድልብን ሲወጡ ግን ሰዓቱ 700 ላይ ደርሶ ከቆመ ማርሽ መቀነስና እግርን ማላላት ነው። ጋሸና ላይ ቆመው ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱም ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። ሁለት ደቂቃ እንዲሁ ይሥራ፤ የጋለው ቱርቦ ውስጥ ያለው ዘይት ሳይዘዋወር ከቆመ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል።